ጉድጓድ ውስጥ የወደቀው ቆርቆሮ

ጭሮ ውስጥ ስለ እኔ ብዙ ተብሏል። ድንጋይ እየገለበጠች ወርቅ ትፈልጋለች ያለ አለ። መተት ትቀብራለች ያለችም አለች፤ ይህችኛዋ ጎረቤቴ ናት፣ ለልጇ ዩኒፎርም ማሰፋት ስትፈልግ ግን በከተማው ሌላ ልብስ ሰፊ የሌለ ይመስል በቀጥታ የምትመጣው ወደ እኔ ነው። አንድ ጊዜ ከድልድይ ሥር ብቅ ስል ፖሊሶች ያዙኝና፣ በእጄ ከነበረው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የወጣውን ቁልፍ፣ እርሳስና የልጅ መጫወቻ መኪና እያገላበጡ ሲመረምሩ ቆዩ። በመጨረሻ አንደኛው፣ “እናት፣ ሥራ የለሽም?” ብሎ ለቀቀኝ። ሥራማ አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሥራዬ በተረፈኝ ሰዓት የማደርገውን ደግሞ ማንንም አላስፈቅድም።

ነገሩን ያመጣው በብስክሌት ወደ ሐረር ይሄድ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ብስክሌቱ ላይ የሚጭነው ሻንጣ ተቀዶበት ሱቄ መጣ፤ ሸራው ወፍራም ስለነበረ መርፌ ሰብሬ ነው የሰፋሁለት። ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ በተሰባበረ አማርኛና በእጁ ምልክት እያስረዳ ስልኩን አሳየኝ። ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ የሆነ ቦታ ይደብቅና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ሌላው በስልኩ ካርታ እየተመራ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ከዚያ እንደነበረ አድርጎ ይመልሰዋል። “ከዚያስ?” አልኩት። “ከዚያ በቃ” አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ሳሳጥርና ሳሰፋ ኖሬ፣ ለማንም የማይጠቅም ነገር አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ይህን ሰምቼ እንዴት ልተወው?

ፈረንጁ ከሄደ በኋላ የራሴን ዕቃዎች መደበቅ ጀመርኩ። አንዱን አሰቦት፣ ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ካለ ግራር ሥር አኖርኩት፤ ተሳላሚ የጠፋ የጸበል መያዣ መስሎት አንስቶ ወሰደው። ሌላውን ዝንጀሮ በተነብኝ። አንዱ ደግሞ ስደብቀው ከእጄ አምልጦ ገደል ገባ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ታላቅ እህቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ከፖሊሶቹ ትብሳለች። “በዚህ ዕድሜሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትንፏቀቂ ሰው ምን ይላል?” ትለኛለች። ሰው የሚለውን እኔም ሰምቻለሁ፣ አሁን የጻፍኩት እሱን ነው። አልተውኩም።

አሁን የምናገረው ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ጾም ከገባ በኋላ የሆነውን ነው። ነሐሴ ለልብስ ሰፊ ቀና የሚሉበት ጊዜ አይደለም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ሱቄ እስከ ጣራው ድረስ የዩኒፎርም ጨርቅ ተከምሮበታል። አንድ ጠዋት ግን ወገቤ እንቢ አለኝ። ማሽኑን ሸፈንኩና ወደ መሰላ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፈረንጁ ወደ ሱቄ ከመምጣቱ በፊት በዚያ በኩል ሲያልፍ የደበቀው አንድ ቆርቆሮ ነበር፤ በስልኩ ያሳየኝ የመጀመሪያው ስለሆነ ለክፉ ቀን ብዬ ሳልፈልገው የቆየሁት።

ሚኒባሱ ያወረደኝ ዳገት ሥር ነው። ያ ዳገት በልጅነቴ ከታች እስከ ላይ ማሽላ ነበር። አሁን እርከኑ ሁሉ ጫት ሆኗል፤ በመካከሉ አንድ ማሳ ብቻ ማሽላ ቆሞበታል። ስልኬ የመራኝ ወደዚያ ማሳ ጥግ ነው። ጥጉ ላይ የድንጋይ ክምር አለ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ደግሞ ዝገት የጀመረው የቆርቆሮ ክዳን ይታያል። ደስታዬን ልደብቅ አልችልም፤ ብቻዬን እልል አልኩ።

ቆርቆሮው ተቀርቅሮ አልወጣም አለኝ። እግሬን ከክምሩ አጠገብ ተክዬ በሁለት እጄ ሳብኩት። መጣ። ያኔውኑ እግሬ ሥር የነበረው መሬት ተናደና ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ቆርቆሮው ከእጄ አምልጦ በእግሬ በኩል ወደ ታች ወረደ፣ ሲያርፍም ለስላሳ ነገር ላይ እንዳረፈ ከድምፁ አወቅሁ። ከዚያ ሽታው ወጣ። ሞቅ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ የእህል ሽታ። ሐረርጌ ያደገ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም። የሰው ማሽላ የተቀመጠበትን ጉድጓድ ሰብሬያለሁ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ በኩል ገበሬው ማሽላውን የሚያስቀምጠው መሬት ውስጥ ነው። እንደ እንስራ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በኦሮምኛ ቦላ ይባላል። አፉን በእንጨት፣ በጭድና በጭቃ ደፍኖ አፈር ያለብሰዋል። ከላይ ለሚያየው ሜዳ ነው፤ የት እንዳለ ከባለቤቱ ሌላ ሰው ባያውቀው ይመረጣል። አየር እስካልገባው ድረስ እህሉ ይቆያል። በክረምት ተከፍቶ ውሃ ከገባበት ግን ይሻግታል። ነሐሴ ላይ ደግሞ አዲሱ ማሽላ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው እህል ቤተሰቡ እስከ አዲስ እህል ድረስ የሚበላው ነው።

ፈረንጁን ልረግመው ፈለግሁ። ግን እሱ የድንጋይ ክምር አየ፣ ቆርቆሮውን ሸጎጠ፣ ሄደ። ድንጋዩ ባለቤቱ ጉድጓዱን እንዳይስት ያኖረው ምልክት መሆኑን ማን ይነግረዋል? እኔ ነኝ እንጂ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁት፣ የማሳ ጥግ ላይ ያለ የድንጋይ ክምር ምን እንደሆነ ማሰብ ያቃተኝ። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

እህቴ ጋ ደወልኩ።

“ያየሽ ሰው አለ?” አለችኝ።

“የለም።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሚኒባስ ያዢና ነይ!”

እንግዲህ ይህች እህቴ ፍልሰታን በሙሉ ቅዳሴ የምታስቀድስ፣ በቀን አንድ ጊዜ የምትቀምስ ሴት ናት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ደመናው እየጠቆረ ስለነበረ ቢጫ የዝናብ ልብሴን አውልቄ የጉድጓዱን አፍ ሸፈንኩ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ያዝኩት። ከዚያ በማሽላው መካከል ወደሚታየው ቤት ወረድኩ።

ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ለላሟ አገዳ ትቆራርጥ ነበር። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ክንዷ ግን የጎበዝ ክንድ ነው። ሰላምታ ሰጥቼ፣ በዚያች በገበያ ኦሮምኛዬ ጮክ ብዬ፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቦላዎን ሰበርኩት” አልኳት። ማጭዷን ጥላ ተነሳችና አፌን በመዳፏ ከደነችው።

“አቦ፣ ቀስ በይ! እሱ እንዳይሰማ።”

እሱ ማለት የሟች ባሏ ወንድም ነው። ቤቱ ከማሳዋ በላይ ነው፣ ዙሪያው ሁሉ ጫት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚላት አንድ ነገር ነው፤ ብቻሽን አትችይም፣ ጓዝሽን ይዘሽ እኔ ግቢ ግቢ፣ ማሳውን እኔ ጫት ልትከልበት። ልጆቿ ሴቶች ናቸው፣ ሩቅ አገር ተድረዋል። እሷም እስካሁን የምትመልስለት አንድ ነገር ነው፤ እህል አለኝ። የራሷ እህል እያላት ተጠግታ ትኑር የሚል ሽማግሌ አይገኝም። እህሉ ከጠፋ ግን የምትመልሰው የላትም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ወደ ጉድጓዱ ስንወጣ፣ በሹክሹክታ፣ ሳትቆም ነው። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ በየመሃሉ ይቅርታ ያድርጉልኝ እላለሁ። ዞር ብላ ገላመጠችኝ።

“አንቱ አትበይኝ። እኔን ለማስረጀት እሱ ይበቃል።”

ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። የሸፈንኩበት የዝናብ ልብስ እየተናደ የሚገባውን አፈር አልያዘውም፤ ውሃው በጠርዙ እየፈሰሰ ሲገባ እያየነው በእጃችን ጭቃ እየዛቅን ገደብን። ሴትየዋ አላለቀሰችም፣ እኔ ግን አለቀስኩ። “ቢጫ!” አለችኝ በንዴት፣ የዝናብ ልብሴን እያሳየች። “ከዚህ ሁሉ ቀለም ቢጫ መረጥሽ?” እውነቷን ነው። የባልየው ወንድም ከላይ አይቶት ጃንጥላ ይዞ ወረደ።

ቆሞ አየን። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ሰውየው ክፉ ፊት የለውም፣ እንዲያውም ለስለስ ያለ ነው፣ ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። “አይ፣ አይ፣ አይ” አለ በሐዘን። “እህሉ አለቀ እኮ። አልሁሽ አይደል? ብቻዋን ያለች ሴት ጉድጓድ እንዴት ትጠብቃለች?” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ነሽ የሰበርሽው? ካሳውን የምትክሺው እኔን ነው። የወንድሜ ጉድጓድ ነው።”

“ጉድጓዱ የሷ ነው” አልኩት። “የምክሰውም እሷን ነው።”

“ለዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ አመጣለሁ። እነሱ ይፍረዱ። አንቺም ትመጫለሽ።”

“ባትጠራኝም እመጣለሁ።”

ያን ያልኩት በእልህ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ልብሴ ላይ ያለው ጭቃ ሲደርቅ ፍርሃቱ መጣ። እኔን ሽማግሌ ቢፈርድብኝ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ እገላገላለሁ። እሷ ግን ቤቷን ትታ ሰው ግቢ ልትገባ ነው። የካስኩት እሱን ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱም ማሳውም የሱ ነው ብዬ በአደባባይ መሰከርኩለት ማለት ነው። እህቴ ማታ መጥታ፣ “ኦሮሞና ኦሮሞ እርስ በርሳቸው ይጨርሱት፣ የሰው ቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አትግቢ” አለችኝ። “እግሬ እስከ ጭኑ ገብቷል እኮ” አልኳት። እሷም ሳትወድ ሳቀች፤ አብራኝ ግን አልቆመችም።

በማግስቱ ሱቄን ዘጋሁ። ዩኒፎርም ያላደረስኩላቸው እናቶች እስካሁን ይረግሙኛል፣ ይርገሙኝ። የጨርቅ ጥቅል ታሽጎ የሚመጣበትን ላስቲክ ሁሉ ሰብስቤ፣ ገመድ ገዝቼ ሄድኩ። ጠዋቱ ፀሐይ ነበር። ሴትየዋ የጉድጓዱን አፍ ከንጋት ጀምሮ ከፍታ አየሩን እያስወጣችው ነበር፤ የታመቀ ጉድጓድ ውስጥ ቶሎ የሚገባ ሰው እንደማይወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ገመዱን ወገቧ ላይ ስታስር ቀማኋት።

“የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የምገባው እኔ ነኝ።”

“ከገባሽ ማውራት ነው” አለችኝ። “ዝም ካልሽ እጎትትሻለሁ።”

“ምን ላውራ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? እዚህ ማሳ ላይ ምን ስትፈልጊ እንደመጣሽ ንገሪኛ። እስካሁን አልነገርሽኝም።”

ስለዚህ ማሽላ ላይ ቆሜ፣ በሰፌድ እየዛቅሁ ዘንቢል እየሞላሁ፣ ስለ ጂኦካሺንግ ከመሬት ሥር ወደ ላይ ጮኬ አስተማርኩ። በኦሮምኛ ቃል ሲያጥረኝ ገመዱ ይሳባል። “አለሁ! አለሁ! ቃል እየፈለግሁ ነው!” እላለሁ። እሷ ዘንቢሉን እየሳበች ጥያቄ ታወርድብኛለች። ሰው ዕቃ ይደብቃል? አዎ። ከዚያ የት እንደደበቀ ለዓለም ይናገራል? አዎ። ገመዱ ቆመ። ቀና ስል ፊቷ የጉድጓዱን አፍ ሞልቶታል።

“ታዲያ ለምን ደበቀው?”

“ጨዋታ ነው” አልኳት። “ጥጋብ ነው” አለችና ዘንቢሉን ሳበች። አልተቀየምኳትም።

ቆርቆሮውን ያገኘሁት በእግሬ ነው፤ ስዝቅ ቆሜበት ቆይቼ ኖሮ እንደ ቂጣ ተጨፍልቋል። ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ከረጠበው ማሽላ ጋር ተቦክቷል። ማታ ጭሮ ገብቼ የሆነውን ሳልሸፋፍን ኢንተርኔቱ ላይ ጻፍኩ፤ ዕቃው ወድቋል፣ ረግጬዋለሁ፣ ከሥሩ የሰው ቀለብ ስለነበረ ማንም እዚያ ማሳ ላይ እንዳይደርስ። አንድ የማላውቀው ሰው ከሩቅ አገር፣ የተገኘ ዕቃ እንደነበረ ተመልሶ መቀመጥ አለበት፣ የጨዋታው ሕግ ነው፣ ብሎ መለሰልኝ። ነገሩ በጣም አበሸቀኝ። “መጀመሪያ እህሉን እናድርቅ” ብዬ ጻፍኩለትና ቦታው ከካርታው እንዲጠፋ አደረግሁ።

ከላይ ያለው እህል ተበላሽቷል። ጠርዙ ላይ ያለውም ጠቁሯል፤ ለላሟም አይሆንም ብላ ጣለችው። መካከሉ ግን ደህና ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ላስቲኩ ላይ እንዘረጋዋለን፣ ደመና ሲመጣ ጠቅልለን ወደ ቤት እንሮጣለን፣ ቤት ውስጥ ከእሳት ዳር እናገላብጠዋለን። ወንድምየው ከላይ ሆኖ ያያል። አንድ ጊዜ፣ “ለምን ትደክማላችሁ?” ብሎ ጮኸ። “አንተ እንዳትደክም!” ብላ መለሰችለት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወንድምየው ከፊታቸው ሆኖ እየመራ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሊወስዳቸው ፈለገ። ባዶ፣ ጭቃ የገባበት፣ የሚሸት ጉድጓድ አሳይቶ ነገሩን እዚያው ሊጨርስ ነው። ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ቆመች።

“እንግዳ ቤቴ መጥቶ ሳይቀምስ ነገር አይጀምርም” አለች። “ግቡ።”

በዚያ አገር ይህን እንቢ የሚል ሽማግሌ የለም። ገቡ፣ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እሱም ተቀመጠ። መርቃ አቀረበች፤ መርቃ ገንፎ ነው፣ መካከሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤ የተሞላ፣ ትኩስ። ለእኔ በትንሽ ሳህን ለብቻው አመጣችልኝ። ቅቤ የለበትም፣ ዘይት ነው። ጾም ላይ መሆኔን አንድም ቀን አልነገርኳትም፤ ሰንብተን ስንሠራ ወተቷን እንቢ ስላት ገብቷት ኖሯል። ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

ሽማግሌዎቹ በሉ። ትልቁ፣ ጢሙን በሂና ያቀላው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ።

“ይሄ የቦላ ማሽላ ነው” አለ። “ሽታው ናፍቆኝ ነበር። እኛ ቤት ከከተማ የሚመጣ ዱቄት ነው አሁን።”

“እኛም” አለ ሌላው።

ሁሉም ጫት ተካዮች ናቸው። ገንዘብ አይጎድልባቸውም፣ ከዚያ ሽታ ግን ስንት ክረምት እንደተለያዩ ፊታቸው ይናገራል። በሉ፣ ጨመረችላቸው፣ ደግመው በሉ። ወንድምየውም በላ። እንዳልበላ ሊያስመስል አልቻለም፣ ጣቶቹ ላይ ቅቤው ይታያል።

እጃቸውን ታጥበው ዱዓ ካደረጉ በኋላ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ የመጣንበት የተበላሸው እህል ነው…”

“እሱን ነው የበላችሁት” አለች።

ትልቁ ሽማግሌ ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ወንድምየው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና፣ “የቀረውስ ምን ያህል ይሆናል? እስከ አዲስ እህል አያደርሳትም” አለ።

ሴትየዋ ተነስታ የጓዳዋን መጋረጃ ገለጠችው። ማሽላው ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ በጆንያ በጆንያ ቆሟል። አፋቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በመርፌዬ፣ አንድ በአንድ። ሽማግሌዎቹ አዩት። ለአንዲት ሴት መብቃቱን ማንም አልጠየቀም።

“ካሳውስ?” አለ ወንድምየው፣ ድምፁ አሁን ከፍ ብሎ። “ይህች ሴት ንብረት አጥፍታለች። የወንድሜን ጉድጓድ።”

“ያጠፋሁት የሷን ነው” አልኩ። ሴት ሳትጠየቅ በሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ ተናገርኩ። “እሷን ክሻለሁ። ተቀብያለሁ ካለች ጨርሻለሁ። አንተን አንዲት ፍሬ አልክስህም።”

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ሴትየዋ ዞረ። “ተቀብለሻል?”

“ቦላዬ ውስጥ ገብታ በእጇ አውጥታልኛለች። ተቀብያለሁ።”

ሽማግሌው ወንድምየውን ተመለከተው። “አንተ ሰው፣ አሁን የበላኸው እህል የማን ነው?”

ወንድምየው ሳህኑን አየ። የማንም ሳህን ውስጥ የተረፈ አልነበረም።

“የሷ” አለ።

“እህል ያላት ሴት ግቢሽን ልቀቂ አትባልም። እኔ በልቼ ወጥቼ ሌላ አልናገርም።”

“የከርሞውስ?” አለ እሱ፣ አሁንም ተስፋ ሳይቆርጥ።

“የከርሞውን ከርሞ ና፣ አበላሃለሁ” አለችው።

ሲወጡ ዳገቱን እስኪያልፉ ድረስ የሽማግሌው ሳቅ ይሰማ ነበር። እኔ ደስታዬ ወሰን አጥቶ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጆንያ ውስጥ ያለ ማሽላ ነቀዝ እንደሚበላው አውቃለሁ፤ ቶሎ ወደ መሬት መመለስ አለበት። “እንጀምር” አልኳት። “ጉድጓዱን አጥበን፣ አፉን ደፍነን…”

“ያንን ጉድጓድ አገር ሁሉ አየው” አለች። “ሌላ አለኝ። ባሌ የቆፈረው።”

“የት?”

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ቢጫውን የዝናብ ልብሴን ታጥቦ፣ ታጥፎ እጄ ላይ አኖረችው።

“ኢንተላ ኮ” አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፣ ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜ ነው የጠራችኝ እንዲህ ብላ። “አንቺ ደግ ሰው ነሽ። አሁን ሂጂ። አንቺም አታይውም።”

“ጆንያውን ብቻሽን እንዴት ትሸከሚዋለሽ?”

“በቅል እየቀዳሁ። ማን ያስቸኩለኛል? ቤቴ ነው።”

ከፋኝ፣ አልዋሽም። ጉድጓድ ውስጥ የገባሁት እኔ፣ ጥፍሬ ውስጥ እስካሁን ጭቃ ያለው እኔ፣ እንደ ሌላው ሰው ሂጂ ተባልኩ። ሳምኳትና ወጣሁ። ማሽላው መካከል ስደርስ መከፋቱ ለቀቀኝ። ለእኔ ነግራኝ ቢሆን ነበር ማዘን የነበረብኝ፤ የሚነገር ከሆነ ለምን ይደበቃል?

ወንድምየው መንገዱ ዳር ከሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር። ስለ ሥራዬ ሰምቷል፣ ዳገቱ ሁሉ ሰምቷል። ለስለስ ባለ ድምፁ፣ “የተደበቀ ዕቃ ፈልገሽ ታገኛለሽ ይሉሻል” አለኝ። “የት ልታስቀምጠው ነው?”

“አላውቅም” አልኩት። “ባውቅም አንተ አትሰማውም።”

የመጀመሪያውን አላመነኝም፣ ሁለተኛውን አመነኝ። ሚኒባሱ መጣና በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ከዚያ መቀመጫ ማሳዋ ከጥግ እስከ ጥግ ይታያል፤ ቅሏን ይዛ ከቤቷ ስትወጣ፣ ወዴት እንደምትዞር ማየት እችል ነበር። ፊቴን ወደ ጭሮ አዙሬ ተቀመጥኩ።